«የአየር ጠባይ መመልከቻ» ተብሎ የሚጻፍ ደረሰኝ

ጥያቄ፦ በጣና ሐይቅ ላይ የምትሠራ አንዲት የዓሣ ማጥመጃ የሞተር ጀልባ አለችኝ። እኔ የምኖረው ፒያሳ ስለሆነ ጀልባዋን የሚያሠራት የእህቴ ልጅ ነው። የጥልቀትና የዓሣ መፈለጊያ፣ ጂፒኤስ፣ የመገናኛ ሬዲዮ እንዲሁም በሳተላይት የአየር ትንበያ የሚያመጣ መሣሪያ ለመግዛት ከአንድ ነጋዴ ጋር ተስማምቼ ቀብድ ከፍያለሁ፤ ቀሪውን ሐሙስ ዕቃው ሲገባ እከፍላለሁ። ነጋዴው ደረሰኙ ላይ ሁሉም በአንድነት «የአየር ጠባይ መመልከቻ» ቢባል እንደሚቀል ነግሮኛል። የ1 ዓመት ዋስትና ይበቃኛል? ግዢውን ብተወውስ ቀብዴ ይመለሳል?

መልስ፦ የጠየቁኝ ብዙ አያስረዝምም። ሌላ ስምምነት ካላደረጉ በቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ሊተው ይችላል፤ ቀብዱ ግን ይቀርበታል፤ የሚተወው ተቀባዩ ከሆነ እጥፉን ይመልሳል (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885)። ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ በቁጥር 2287 መሠረት ዋስ ነው፤ እርስዎም ጉድለት እንዳገኙ ሳይዘገዩ ማስታወቅ፣ ካስታወቁም በኋላ በቁጥር 2298 በተመለከተው የ1 ዓመት ጊዜ ውስጥ ክስ ማቅረብ ይኖርብዎታል። ነጋዴው የሰጠዎት ዋስትና ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠርና ምን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ያስቀምጡ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅዎ። ደረሰኙ እንደዚያ ቢጻፍ «ይቀላል» የተባለው ለማን ነው? ዕቃውስ በየት በኩል፣ በማን ስም ነው የሚገባው? በደብዳቤዎ ውስጥ ስለ ጉምሩክ ሰነድም ሆነ ስለ ፈቃድ አንድ ቃል አላገኘሁም፤ ይህን የረሱት አይመስለኝም።

ከገዟቸው ዕቃዎች ሁለቱ ጠባያቸው የዋህ ነው። የጥልቀትና የዓሣ መፈለጊያው የሚሠራው በውኃ ውስጥ በሚልከው ድምፅ ነው፤ ተራ ጂፒኤስም ከሳተላይት ይቀበላል እንጂ አይልክም። የመገናኛ ሬዲዮው ግን በ156 ሜጋኸርትዝ አካባቢ በሚገኘው የመርከቦች ሞገድ ያስተላልፋል። የሳተላይቱም ነገር እንደ ዓይነቱ ነው። ተቀባይ ብቻ የሆኑ አሉ፤ ለምሳሌ ሲሪየስ ኤክስኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የባሕር ላይ የአየር ትንበያ የሚደርሰው በሰሜን አሜሪካና በአካባቢው ውኃ ላይ ስለሆነ ጣና ላይ ጌጥ ከመሆን አያልፍም። ኢሪዲየም በተባለው የሳተላይት መገናኛ መረብ 66 ሳተላይቶች በኩል ትንበያ ጠይቀው የሚያመጡት ደግሞ ጣናም ይሠራሉ፤ ነገር ግን መልእክት ይልካሉ፤ የሚልክ መሣሪያ በሕግ ዓይን የአየር ጠባይ መመልከቻ ብቻ አይደለም።

የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 የቴሌኮም መሣሪያን ሲተረጉም ለቴሌኮም አገልግሎት የሚውል ወይም እንዲውል የታሰበ መሣሪያን ሁሉ፣ ተጓዳኝ ዕቃውንና ሶፍትዌሩን ሳይቀር ያጠቃልላል። ያለ ፈቃድ ለሚያስመጣ ወይም ለሽያጭ ለሚያቀርብ ሰው አንቀጽ 3 ከ10 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ100,000 እስከ 150,000 ብር መቀጮ ደንግጓል። ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ ይህን ያነብቡና «ይህ የነጋዴው ጣጣ ነው» ብለው ይተኛሉ። የሚቀጥለው ንዑስ አንቀጽ ግን ያለ ፈቃድ የተጠቀመውን ወይም የያዘውን ሰው ከ1 እስከ 4 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 40,000 ብር መቀጮ ይጠብቀዋል ይላል። በእርግጥ አዋጁ ፈቃድ የማያሻቸው መሣሪያዎች እንዲለዩም ስለፈቀደ ኪስዎ ውስጥ ስላለው ስልክ አይስጉ። የእርስዎ ሬዲዮና ሳተላይት ከየትኛው ወገን እንደሆኑ ግን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፣ የዕቃውን ሞዴል ጠቅሰው በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ቀረጥ የተከፈለበት የጉምሩክ ወረቀት የሬዲዮ ፈቃድ አይሆንም፤ የነጋዴው የማስመጣት ፈቃድም የእርስዎ የመጠቀም ፈቃድ አይሆንም። ሦስቱን እንደ አንድ ወረቀት የሚያዩ ሰዎች ቢሮዬ የሚመጡት ዕቃው ከተያዘ በኋላ ነው።

ወደ ደረሰኙ ልመለስ፤ ስለ ዋስትና ያነሡት ጥያቄ የሚፈርሰው በእሱ ነውና። በጽሑፍ የተደረገ ስምምነት በፈረሙት ሰዎች መካከል ማስረጃ ነው (ቁጥር 2005)፤ በምስክር ልገለብጠው ቢሉ ሕጉ በቀላሉ አይፈቅድልዎትም። ሬዲዮው በሦስተኛው ወር ዝም ቢል፣ ልደታ ፍርድ ቤት ቆመው «የገዛሁት ሬዲዮ ተበላሸ» ሲሉ በእጅዎ ያለው ወረቀት ሬዲዮ አያውቅም። እውነቱን ልናገር ካሉ ደግሞ የተሳሳተ ስም እንዲጻፍ መስማማትዎን በአንደበትዎ ያስመዘግባሉ፤ ነጋዴውም ግዴታው ሕገ ወጥ የሆነ ውል ውጤት የለውም የሚለውን ቁጥር 1716ን ይጠቅስብዎታል። እንግዲህ በዚህ አኳኋን የተሰጠ የ1 ዓመት ዋስትና የ10 ዓመት ቢሆንም አይጠቅምዎትም። ሊቆጡኝ ይችላሉ፤ ነገር ግን ይህን ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ቢጠይቁኝ ምንኛ በተሻለ ነበር።

ስለዚህ ሐሙስ ቀሪውን ገንዘብ አይክፈሉ። እያንዳንዱ ዕቃ በየስሙ፣ በሞዴሉና በሰውነቱ ላይ በታተመው መለያ ቁጥር የተዘረዘረበት ውል ይጠይቁ፤ «በጣና ሐይቅ ላይ እንዲሠራ» የሚለው ሐረግ በውሉ ይግባ፤ ለተለየ አገልግሎት የተገዛ ዕቃ ለዚያ አገልግሎት ካልሆነ እንደ ጉድለት የሚቆጠረው (ቁጥር 2289) አገልግሎቱ በውሉ ሲታወቅ ነውና። የሳተላይቱ ወርኃዊ ክፍያ በማን ስም እንደሚመዘገብና በማን እንደሚከፈልም ይጻፍ። የጣና ጥልቀት ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ሲሆን በመቶዎች ሜትር ለሚለካ መሣሪያ ገንዘብ ማፍሰስ የሕግ ጉዳይ ባይሆንም ያሳዝነኛል። ነጋዴው በዚህ መልክ አልጽፍም ካለ ቀብዱን ማን እንደሚያጣ መከራከር ስለሚቻል፣ የተለዋወጣችሁትን የስልክ መልእክት አንዱንም ሳያጠፉ፣ ከቀብድ ደረሰኙ ጋር ይዘው ወደ ጠበቃ ይሂዱ፤ በቃል ብቻ አፍርሻለሁ እንዳይሉ።

አንድ ነገር ይቀራል። አዋጁ የሚለው «የያዘ» ነው፤ ሐይቁ ላይ መሣሪያውን ይዞ የሚገኘው የእህትዎ ልጅ ነው እንጂ እርስዎ አይደሉም። ከነጋዴው ጋር የተነጋገሩትን እሱ ያውቃል? የጀልባዋንና የዓሣ ማስገር ፈቃዷን ሰነዶች ይዛችሁ ሁለታችሁም አብራችሁ ወደ ጠበቃ ብትሄዱ እመርጣለሁ።