ስለ ኦርጋኒክ ቡና የጠየቃችሁኝ

ጅማ ዙሪያ ባሉ የቡና ገበሬ ማህበራት በውስጥ ቁጥጥር ሠራተኛነት፣ ማለትም የአባላቱን ማሳ ለማህበሩ እየፈተሽኩ፣ ብዙ ዓመት ማሳ ለማሳ ዞሬያለሁ። ኦርጋኒክ የምንለው ያለ ኬሚካል ማዳበሪያና መድኃኒት የሚመረተውን ነው። የምችለውን ልመልስ።

ጥ፦ ጋሼ፣ በሌላው አገር ኦርጋኒክ እንደ ቡና ባለ ለዓመታት በሚቆም ቋሚ ሰብል ላይ ይበልጥ የሰፋው ለምንድን ነው?

መ፦ የስፔንና የጣሊያንን የዘይት ወይራ ተመልከት። ተዳፋት ላይ በዝናብ የሚበቅለው ድሮም ብዙ ኬሚካል አያውቅም፤ መንግሥትም ከተለመደው እርሻ ወደ ኦርጋኒክ በሚሸጋገሩበት ጊዜ ይደጉማል። የሜክሲኮና የፔሩ ቡና ደግሞ በትንንሽ ገበሬዎች እጅ ነው፤ በማህበር ተደራጅተው ገቡበት። ቡናና ካካዎ በአብዛኛው ውጭ አገር ነው የሚሸጡት፤ ጨምሮ የሚከፍል ገዢም ያለው እዚያው ነው።

ጥ፦ የአባቴ ቡና ዋንዛና ሰሳ ጥላ ሥር ነው፤ ማዳበሪያ ነክቶት አያውቅም። ታዲያ ኦርጋኒክ አይደለም?

መ፦ ልጄ፣ ይህን ያልጠየቀኝ ገበሬ የለም። ቡናው ነው፤ ወረቀቱ ግን የለም። ገዢው የሚያየው ወረቀቱን ነው። ወረቀቱን ለማግኘት የማሳው ካርታ፣ ያለፉት ዓመታት ታሪክ፣ የማህበሩ ዓመታዊ ፍተሻ፣ ከዚያ የውጭ መርማሪ ያስፈልጋል። በአውሮፓ ሕግ የቋሚ ሰብል ሽግግር 3 ዓመት ነው፤ የዓመታዊ ሰብል 2። ኬሚካል እንዳልነካው በማስረጃ ከታየ ግን ያለፈው ጊዜ ሊታሰብልህ ይችላል። ስለዚህ የአባትህን ታሪክ ዛሬውኑ ጻፍ።

ጥ፦ ጎረቤቴ ጫቱን መድኃኒት ይረጫል። እኔን ይነካኛል?

መ፦ በደንብ ይነካሻል፣ እህቴ። ነፋስ ድንበር አያውቅም፤ መሃል ላይ ሰፋ ያለ አጥር ተክል ተዪ። እኔን ይበልጥ ያስቸገረኝ ግን ነፋሱ አይደለም፣ ውሰት ነው። አንድ ሰው ማሳው እንከን የለሽ ሆኖ ሳለ ጀንፈሉን፣ ከነገለፈቱ የደረቀውን ቡና፣ የጎረቤቱ ማዳበሪያ በነበረበት ከረጢት ሞልቶ አገኘሁት። «አጥቤዋለሁ እኮ» አለኝ። ዓመቱን ሙሉ የለፋበት ቡና ከኦርጋኒኩ ተለይቶ ተሸጠ።

ጥ፦ በሽታ ሲመጣ ሳንረጭ ምን እናድርግ?

መ፦ የቡና ፍሬ በሽታ በእ.ኤ.አ. 1971 አገራችን ሲገባ ተመራማሪዎቻችን የሚቋቋሙ ዛፎችን ፈልገው ከኢሉባቦር 74110 እና 74112 የተባሉትን ዝርያዎች መርጠዋል። በቁጥሩ መጀመሪያ ያለው 74 የተመረጡበት ዓመት ነው፤ እ.ኤ.አ. 1974። እነሱን ትከል፣ ጥላውን አሳሳ፣ የቡናውን ገለፈት አበስብሰህ ለአፈሩ መልስ። አረሙ ግን ጉልበት ይበላል፤ አልዋሽህም።

ጥ፦ አዲሱ የአውሮፓ የኦርጋኒክ ሕግ ምን ለወጠ?

መ፦ ከእ.ኤ.አ. 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው፤ በአንድ ሰርተፍኬት የሚታቀፍ የገበሬ ቡድን ከ2,000 አባል መብለጥ አይችልም። ትልልቅ ማህበራት መከፋፈል ግድ ሆኖባቸዋል። በእኔ አስተያየት ሸክሙ ትንሹ ገበሬ ላይ ወድቋል።

ጥ፦ አንድ ነጋዴ የሰርተፍኬቱን ወጪ ልሸፍንልዎ ብሎኛል። ልቀበለው?

መ፦ አባቴ፣ ከመፈረምዎ በፊት ሰርተፍኬቱ በማን ስም እንደሚወጣ ይጠይቁት። በእሱ ስም ከሆነ ቡናዎን ኦርጋኒክ ብለው ለሌላ ገዢ መሸጥ አይችሉም።