«ሐሳቤን ወሰዱብኝ» ለምትሉ ወጣቶች

ልጆች፣ እኔ አውሮፕላን ጥገና ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ወጣት ቴክኒሻኖች ሻይ ይዘው ሲጫወቱ አዘውትሬ የምሰማው «እከሌ ሐሳቤን ወሰደብኝ» የሚል ምሬት ነው። ያማል፣ አይካድም። ግን ክርክሩ ከሥራው በላይ ዕድሜ ሲበላ ምን እንደሚመስል አውሮፕላን በሠሩት በራይት ወንድማማቾች እዩት።

ዊልበርና ኦርቪል ዴይተን፣ ኦሃዮ ውስጥ ብስክሌት ይሠሩና ይሸጡ ነበር። በፈረንጆቹ 1899 ዊልበር ሱቁ ውስጥ ከደንበኛ ጋር እያወራ፣ የጎማ የውስጥ ላስቲክ የሚታሸግበትን ባዶ ካርቶን ሳያስበው በእጁ ጠመዘዘው። አንዱ ጫፍ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች። ክንፍም እንዲህ ቢጠመዘዝ አውሮፕላኑ ሚዛኑን ይጠብቃል ብሎ ያሰበው ያኔ ነው።

በዚያው ዘመን ስሚትሶኒያን የተባለው የአሜሪካ ሙዚየምና የምርምር ተቋም ኃላፊ ሳሙኤል ላንግሌይ አውሮፕላን እንዲሠራ ከአሜሪካ ጦር መሥሪያ ቤት 50,000 ዶላር ተሰጥቶት ነበር። ወንድማማቾቹ ከኪሳቸው እያወጡ፣ ራሳቸው በሠሩት የነፋስ ሳጥን ውስጥ ትንንሽ ክንፎች ይለኩ ነበር። በ1903 የላንግሌይ ማሽን ሁለት ጊዜ ፖቶማክ ወንዝ ገባ። ከሁለተኛው 9 ቀን በኋላ፣ ዲሴምበር 17፣ ኦርቪል ለ12 ሰከንድ በረረ።

እስከዚህ ድረስ እወዳቸዋለሁ።

ሞተር ሳይክል ሠሪው ግሌን ከርቲስ ክንፉን ሳይጠመዝዝ፣ ዛሬ ኤይለሮን በምንለው ተንቀሳቃሽ ክፍል ሚዛን የሚጠብቅ አውሮፕላን ይዞ ሲመጣ «ሐሳባችንን ወሰደብን» ብለው በ1909 ፍርድ ቤት ገተሩት። ዊልበር የመጨረሻ ዓመታቱን ከጠበቃ ጋር ሲመላለስ አሳለፈ። በ1912 በታይፎይድ ሞተ፤ ገና 45 ዓመቱ ነበር። ያ ካርቶን የጠመዘዘ እጅ ስንት ነገር ሊሠራ ይችል ነበር!

በ1914 ፍርዱ ለኦርቪል ሆነ። ከርቲስ ግን ዝም አላለም። የላንግሌይን ማሽን አውጥቶ፣ እዚህም እዚያም ቀያይሮ፣ ከሐይቅ ላይ ብድግ አደረገው። ስሚትሶኒያንም «መብረር የሚችለው የመጀመሪያው ይህ ነው» ብሎ ለሕዝብ አሳየው። (ይሄ እንኳ ዓይን ያወጣ ነው።) ኦርቪል ተናዶ በ1928 የራሱን አውሮፕላን ለንደን ላከው። አውሮፕላኑ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1948፣ ኦርቪል ከሞተ በኋላ ነው።

ስለዚህ መብታችሁን አትጠይቁ አልላችሁም። ሥራችሁን በቀን እየመዘገባችሁ ያዙ፣ ፎቶ አንሱ። ኦርቪልም በ1903 በበረረበት ቀን ካሜራውን አስቀድሞ ተክሎ ነበር። ክሱ የግድ ከሆነም ለጠበቃ ስጡትና እናንተ መፍቻችሁን አንሡ።

የሁለቱ ባላንጣዎች ድርጅቶች፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ በ1929 ተዋህደው «ከርቲስ ራይት» ተባሉ። ኦርቪል ድርሻውን ሸጦ ከወጣ ቆይቶ ነበር።