መልስ፦ ስለ «በርድማን» የተመልካቾች አስተያየት ለምን ተለያየ?

ጤና ይስጥልኝ። «አራት ኦስካር ያገኘውን ‹በርድማን› አንዳንዶች ድንቅ ሲሉት ሌሎች አሰልቺ የሚሉት ለምንድን ነው?» ብለው ጠይቀዋል። በእኔ እምነት የልዩነቱ ዋና ምንጭ አቀራረጹ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ የዳይሬክተር አሌሃንድሮ ኢኛሪቱ ፊልም ከሞላ ጎደል ሳይቋረጥ በአንድ ጊዜ የተቀረጸ እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ፣ ካሜራው በብሮድዌይ (የኒውዮርክ ታዋቂ የቲያትር ሰፈር) በሚገኝ ቲያትር ቤት ጠባብ መተላለፊያዎች ውስጥ አረጋዊ ለመሆን የተቃረበውን ተዋናይ ሪጋን ቶምሰንን እግር በእግር ሲከታተለውና የከበሮው ምት ጭንቀቱን ሲያባብሰው፣ አንዱ ተመልካች ከሰውየው ጋር አብሮ ይጨነቃል፤ ሌላው ግን ፋታ አጥቶ ይታክተዋል።

የዋና ተዋናዩ ማንነትም ለውጥ ያመጣል። ማይክል ኪተን በ1989 እና በ1992 ባትማንን መጫወቱን የሚያውቅ ሰው፣ ድሮ በተጫወተው በጀግናው «በርድማን» ገጸ ባሕርይ ጥላ ሥር የቀረውን የሪጋንን ቁጭት ከራሱ ከኪተን የሥራ ታሪክ ጋር እያገናዘበ ያየዋል፤ ይህን ለማያውቅ ተመልካች ግን ሪጋን ራሱን ብቻ የሚያዳምጥ ሰው ሆኖ ሊታየው ይችላል።

ነቃፊዎቹ ልክ ናቸው የምለው በአንድ ነገር ነው፦ በፊልሙ ውስጥ ሪጋን የሚያዘጋጀውን ተውኔት ሳታይ ልታጠፋው የምትዝተው ሐያሲ እጅግ ጥልቀት የሌላት ሆና ተስላለች። የኪተን ትወና ግን በግሌ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።