ጆርዳን ወይስ ሌብሮን እያላችሁ ለምትከራከሩ

ልጆቼ፣ አራት ኪሎ ካለው የስፖርት ማዕከል ወጥታችሁ፣ ላባችሁ ሳይደርቅ ማኪያቶ አዝዛችሁ ስትከራከሩ እሰማችኋለሁ። የምንጊዜም ምርጥ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ማይክል ጆርዳን ነው ወይስ ሌብሮን ጄምስ? ግንቦትና ሰኔ ላይ የኤንቢኤን፣ የአሜሪካውን የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ፍጻሜ ለማየት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል የምትነሱ ልጆች ናችሁ። ጉዳዩ ለእናንተ ቀልድ አይደለም። ለእኔም አይደለም። ዕድሜዬን ልደታ ፍርድ ቤት በጥብቅና ነው ያሳለፍኩት፤ ጥሩ ክርክር ሲበላሽ ያመኛል።

የእናንተ የሚበላሸው ገና ሲጀመር ነው። ጭብጥ አትይዙም። ችሎት ላይ ዳኛው አስቀድሞ የሚለየው ተከራካሪዎቹ የማይስማሙት በምን ላይ እንደሆነ ነው። ያ ሳይለይ ምስክር አይሰማም። እናንተ ጋ ግን አንዱ ስለ ዋንጫ ያወራል፣ ሌላው ስለ ነጥብ፣ ሌላው ስለ ጉልበት። ሁላችሁም ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ፤ ግን እርስ በርስ እየተከራከራችሁ አይደለም።

ጭብጡ «ብዙ ያሸነፈ ማነው?» ከሆነ ቢል ራስል ነው። ለቦስተን ሴልቲክስ በ13 የውድድር ዘመን 11 ዋንጫ። ነገሩ እዚያው ያልቃል። «በብቃቱ ጫፍ ላይ ሳለ ማን ይበልጣል?» ከሆነ የጆርዳን ጠበቆች ጠንካራ መዝገብ አላቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 የሊጉ ኮከብ፣ ምርጥ ተከላካይና የነጥብ መሪ፣ ሦስቱንም በአንድ ዓመት ጠቅልሎ ወሰደ። «ረጅም ጊዜ ከላይ የቆየ ማነው?» ካላችሁ ደግሞ ሌብሮን አለ። በ2007 ገና በ22 ዓመቱ ክሊቭላንድን ለፍጻሜ አደረሰ፤ በ2020 ከሌከርስ ጋር ዋንጫ አነሳ፤ በ2024 40,000 ነጥብ የደረሰ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ማስረጃችሁንም መርምሩ። «ጆርዳን 6 ፍጻሜ 6 ድል፣ ሌብሮን 10 ፍጻሜ 4 ድል» ሲባል ክርክሩ የተዘጋ ይመስላችኋል። ቁጥሩ ትክክል ነው። ግን ምን ያስረዳል? ጆርዳን እስከ 1991 ድረስ በየዓመቱ ፍጻሜ ሳይደርስ ነበር የሚሰናበተው። ፍጻሜ ደርሶ መሸነፍ ነውር ከሆነ ጭራሽ አለመድረስ ምን ሊባል ነው? ሌብሮን በ2016 ፍጻሜ በጨዋታ ብዛት 3 ለ 1 ከተመራ በኋላ ተነስቶ ያሸነፈው ጎልደን ስቴት እኮ በዚያው ዓመት በመደበኛው ውድድር 73 ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ነው። የጆርዳን ደጋፊ ይህ በመስቀለኛ ጥያቄ ቢመጣበት መልስ አያጣም። ግን አስቦበት ይምጣ።

ደግሞ ያልተመዘገበ ነገር አልተደረገም ማለት አይደለም። ሊጉ ብሎክ፣ ማለትም የባላጋራን ውርወራ በእጅ መከልከልን፣ መቁጠር የጀመረው በ1973/74 ነው። ራስል ያቆመው በ1969 ነው። የዘመኑ ባላጋራ ዊልት ቻምበርሊንም ቆጠራው ሳይጀመር ነው የወጣው። ስማቸው ሰንጠረዡ ላይ ስለሌለ አልከለከሉም ልትሉ ነው? ከሩቅ ያገባ ሦስት ነጥብ የሚያገኝበት መስመርም ወደ ሊጉ የገባው በ1979 ነው። በሩቅ ወርዋሪው በስቴፈን ከሪ ውርወራ የ1960ዎቹን ሰው መክሰስ፣ ድርጊቱ ሲፈጸም ባልነበረ ሕግ መክሰስ ነው።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን የካሪም አብዱልጀባር ነገር ነው። ይህ ሰው 6 ጊዜ የሊጉ ኮከብ ተብሏል። እስከ ዛሬ የበለጠው የለም። ዋንጫውም 6 ነው፣ ልክ እንደ ጆርዳን። የመጀመሪያውን በ1971 በሚልዋኪ፣ የመጨረሻውን በ1988 በሌከርስ አነሳ። በ1985 የፍጻሜው ኮከብ ሲባል 38 ዓመቱ ነበር። በዚህ ዕድሜ አብዛኛው ተጫዋች ጫማውን ሰቅሎ አስተያየት ሰጪ ሆኗል። ከ1984 እስከ 2023 የነጥብ ክብረ ወሰኑ በእሱ እጅ ነበር። ስካይ ሁክ የሚሏት ውርወራው ነበረች፤ ሰውነቱን ወደ ጎን አድርጎ ኳሷን በአንድ እጁ ከላይ ይለቃታል። ተከላካዮች እንደምትመጣ እያወቁ ምንም ማድረግ አይችሉም ነበር። ሌብሮን ክብረ ወሰኑን ሲሰብርም እዚያው ተገኝቶ ኳሷን በእጁ ሰጠው። እንዲህ ያለው ሰው በእናንተ ክርክር ውስጥ ስሙ አይነሳም። ለምን? ቪዲዮው አርጅቷል፣ ቲክቶክ ላይ ብዙም አይዞርም። ምስክር ስላልቀረበለት ብቻ የሚረታ ሰው ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። እኔን ከጠየቃችሁ፣ ድምፄ ለካሪም ነው።

ወጣት ጠበቆች አብረውኝ ሲሠሩ አንድ ነገር አስለምዳቸዋለሁ። የተቃራኒውን ወገን ክርክር፣ ያ ወገን ራሱ ሊጽፈው ከሚችለው አሳምረው እንዲጽፉ። መጀመሪያ ይከፋቸዋል። እናንተም አንድ ቀን ቦታ ተቀያየሩ፤ የሌብሮን ደጋፊ ለጆርዳን ይቁም፣ የጆርዳኑ ለሌብሮን። አባቶቻችን በላ ልበልሃ ሲገጥሙ ሰው ከብቦ የሚያዳምጣቸው በአንደበታቸው ነው። እናንተ ጋ ሲጦፍ የምሰማው «አንተ ኳስ አይገባህም» የሚል ነው። ይህ ማስረጃ አይደለም፣ ስድብ ነው። ጓደኛም ያሳጣል።

አንድ ነገር ላክል። «የምንጊዜም ምርጥ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች» ስትሉ ወንድ ብቻ ያላችሁ አይመስለኝም። ዳያና ቶራሲ ከ2004 እስከ 2024 በተከታታይ 6 የኦሎምፒክ ወርቅ ወስዳለች። በአሜሪካ የሴቶች ሊግ ታሪክም እንደ እሷ ነጥብ ያስቆጠረች የለችም። እሷን ወክሎ የሚከራከር እስካሁን አልሰማሁም። እዚያው ማዕከል የምትጫወቱ ሴት ልጆች አላችሁ፤ አንዳችሁ ጀምሩት፣ እኔም ወንበር ስቤ እሰማለሁ።