በ28 ዓመቴ ሸበትኩ፤ «ጥቁር ሂና»ም አሳከከኝ

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 28 ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግንባሬ አካባቢ ሽበት እየበዛ ነው። ኬሚካል ስለምፈራ የቡና ውኃና የሽንኩርት ጭማቂ ሞከርኩ፤ አልሆነም። ከሱቅ ጥቁር ሂና ገዝቼ በተቀባሁ ማግስት ጆሮዬ ሥርና አንገቴ ቀልቶ አሳከከኝ። ከፋርማሲ የገዛሁትን ቅባት መቀባት ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ጉዳት የሌለው የቤት ውስጥ መላ ይኖራል? — ጠያቂ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ የጠየቁኝ ስለ መላ ነው፤ ያስጨነቀዎት ግን «በዚህ ዕድሜ መሸበቴ የበሽታ ምልክት ይሆን?» የሚለው ይመስለኛል። አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ከወላጆችዎ ወይም ከአክስት ከአጎትዎ በወጣትነቱ የሸበተ ካለ ነገሩ የዘር ነው። ሆኖም በጥቁር ሕዝቦች ዘንድ 30 ዓመት ሳይሞላ የሚወጣ ሽበት ያለ ጊዜው የመጣ ስለሚባል አንድ ጊዜ ደምዎን ይመርመሩ፦ የደም ማነስ፣ ቫይታሚን ቢ12 እና የታይሮይድ ሆርሞን። ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ጨርሶ የማይቀምሱ ከሆነ ወይም እጅ እግርዎ የሚደነዝዝ ከሆነ ምርመራውን አያዘግዩት። ጉድለት ሳይገኝብዎት ቫይታሚን ገዝቶ መዋጥ ግን ሽበትን አይመልስም።

አሁን ወደ ሂናው እንምጣ። የሂና ቅጠል በራሱ ጥቁር ቀለም አይሰጥም። የሚሰጠው ከብርቱካናማ እስከ ቀይ ቡናማ ያለውን ብቻ ነው። «ጥቁር ሂና» ተብሎ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ፒፒዲ (ፓራፌኒሊንዳያሚን) የተጨመረበት ነው፤ ይህም እርስዎ የሸሹት የፋብሪካ ቀለም ውስጥ ያለው ኬሚካል ራሱ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ፀጉር ላይ ሲቀባ ከ2 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ በየሱቁ በሚሸጠው ዱቄት ውስጥ ምን ያህል እንዳለ ግን ሻጩም አያውቅም። «አሞኒያ የለውም» የሚል ጽሑፍም አያታልልዎት፤ አሞኒያ የሌለው ሁሉ ፒፒዲ የለውም ማለት አይደለም። ንጹሕ የሂና ዱቄት አረንጓዴ ነው፣ ደረቅ ሣር ይሸታል፣ ቀለም ለመስጠትም ሰዓታት ይፈልጋል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ፀጉርን ኩል የሚያስመስል ዱቄት ንጹሕ ሂና አይደለም።

የደረሰብዎት የፒፒዲ አለርጂ ይመስላል። አለርጂው አንዴ ከያዘ በአብዛኛው ዕድሜ ልክ ይቆያል፤ በሚቀጥለው ጊዜም ፈጥኖና በርትቶ ይመጣል። ስለዚህ ጥቁር ሂናም ሆነ ጥቁር የፋብሪካ ቀለም ለእርስዎ አብቅቷል። ለሠርግ እጅ ላይ የሚሳለውም ጥቁር ሂና እንደዚያው። ዓይን፣ ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ድምፅ ከጎረነነ፣ ትንፋሽ ካጠረ ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ቅቤ እየቀቡ፣ ሎሚ እያሹ ማደር ሕይወት ያስከፍላል።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ስሙን እንኳ ያልጻፉልኝን ቅባት መቀባትዎን ግን ልቀበለው አልችልም። እንዲህ ያለ ቅባት ብዙውን ጊዜ ስቴሮይድ (የቆዳን መቆጣት የሚያበርድ ጠንካራ መድኃኒት) ነው፤ ሲቆይ ቆዳን ያሳሳል፣ የቆሰለውንም ይሸፍናል። በዚህ ሳምንት ቱቦውንና የሂናውን ፓኬት ይዘው የቆዳ ሐኪም ጋ ይቅረቡ።

ደግሞ አይዘኑ፤ ሽበትዎን መሸፈን ይችላሉ። ቆዳዎ ሙሉ በሙሉ ከዳነ በኋላ፣ ፓኬቱ ላይ የተክሉ ስም ብቻ የተጻፈበት ንጹሕ ሂና ይግዙ። ለአጭር ፀጉር 100 ግራም፣ ትከሻ ለሚደርስ 200 ግራም ይበቃል። ለብ ባለ ውኃ እንደ እርጎ እስኪወፍር በጥብጠው፣ ከድነው ከ6 እስከ 8 ሰዓት ያቆዩት። ሎሚ ይጨመር የሚሉ አሉ፤ የእርስዎ ቆዳ ስለተቆጣ ይቅርብዎት። ፀጉርዎን አስቀድመው በሻምፖ ይጠቡ፤ ቅቤ ወይም ዘይት ያለበት ፀጉር ቀለም አይዝም፤ ብዙዎች «ሂና አልሠራልኝም» የሚሉትም በዚህ ነው። ተቀብተው፣ በፌስታል ሸፍነው፣ ከ3 ሰዓት በኋላ በውኃ ብቻ ይታጠቡት፤ ሻምፖ ለ2 ቀን ይቆይ። ሽበቱ መጀመሪያ ብርቱካናማ ይመስላል፤ በ2 ቀን ውስጥ ወደ ቀይ ቡናማ ይጠልቃል እንጂ ጥቁር አይሆንም። ቡናማ ወይም ጥቁር ከፈለጉ ሂናውን ካጠቡ በኋላ ንጹሕ የኢንዲጎ (ሰማያዊ ቀለም የሚሰጥ ተክል) ቅጠል ዱቄት በውኃ ለውሰው፣ 15 ደቂቃ ጠብቀው ይቀቡ፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይበቃዋል። ኢንዲጎ ከቆየ ኃይሉን ያጣል፤ ማታ በጥብጠው አያሳድሩት።

ወፍራም የሻይ ወይም የቡና ውኃ አንድ ሁለት ጊዜ ሲታጠቡ ይለቃል። ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ የነጣውን አይመልሱም። ሽበት መንቀል ሌላ ሽበት አያበዛም፤ የፀጉሩን ሥር ግን ይጎዳል።

ሂናውንም ሆነ ኢንዲጎውን ራስዎ ላይ ከማድረግዎ በፊት ከእያንዳንዱ ጥቂት በጥብጠው ክንድዎ መታጠፊያ ላይ ይቀቡ፤ ሲደርቅ ያጥቡት፣ ቦታውን 48 ሰዓት ይከታተሉ። ትንሽም ብትሆን ካሳከከዎት ያን ዱቄት ይጣሉት።