የኒው ቬጋስ ሞድ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰላም ለሁላችሁ። ፎልአውትን፣ በተለይም ኒው ቬጋስ የተባለውን ክፍሉን በሞድ (ተጫዋቾች ራሳቸው ሠርተው ጌሙ ላይ በሚጨምሩት ፋይል) ስለዋውጥ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ በውስጥ መስመር የሚመጡልኝ ጥያቄዎች እየተደጋገሙ ነው። ዛሬ በአንድ ቦታ ልመልሳቸው። አዲስ ለሆናችሁ፦ ፎልአውት በኦክቶበር 23 ቀን 2077 በተነሳ የኑክሌር ጦርነት ዓለም ከወደመች በኋላ በፍርስራሹ ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ታሪክ የሚያጫውት የጌም ተከታታይ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ጥያቄ፦ 8 ጊጋ ራም ያለው፣ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ አለኝ። ከየትኛው ልጀምር?

ከኒው ቬጋስ። ኦብሲዲያን የተባለው ስቱዲዮ በ2010 ሲያወጣው ለኤክስቦክስ 360 እና ለፕሌይስቴሽን 3 ጭምር ስለነበር የዛሬ ርካሽ ላፕቶፕም ይችለዋል። ፎልአውት 4 በዚያ ማሽን ያስለቅስሃል፤ ስታርፊልድንማ አታስበው። ስትገዛ አልቲሜት ኤዲሽን የሚለውን ውሰድ። ዴድ መኒ፣ ኦነስት ሃርትስ፣ ኦልድ ወርልድ ብሉዝ እና ሎንሰም ሮድ የተባሉት ማስፋፊያዎች አብረው አሉበት፤ ብዙ ትልልቅ ሞዶች እነሱ ከሌሉ አይነሱም። ደግሞ ቅናሽ ሳይመጣ እንዳትገዛ።

ጥያቄ፦ ፎልአውት 3ን ሳልጫወት ቢሆንስ?

ምንም አያመልጥህም። 3ኛው በ2277 ዋሽንግተን ውስጥ ነው፣ ኒው ቬጋስ በ2281 ሞሃቪ በረሃ ላይ፤ ባለታሪኮቹም ሌላ ናቸው። ሁለቱንም ከወደድክ ወደፊት ቴል ኦፍ ቱ ዌስትላንድስ የሚባለው ሞድ 3ኛውን ሙሉ በሙሉ በኒው ቬጋስ ሞተር ላይ ያስነሳልሃል።

ጥያቄ፦ ጌሙ ከሚጀምርበት ከዶክ ሚቸል ቤት ወጥቼ ቬጋስ ከሩቅ ይታየኛል። በሰሜን በኩል ስሄድ ግን ዴዝክሎው የሚባለው አውሬ ሁለት ጊዜ መትቶ ይጨርሰኛል። ጌሙ ተበላሽቶብኝ ይሆን?

አልተበላሸም፣ ሆን ብለው ነው። አቋራጩን በአውሬ ዘግተው ዙሪያውን እንድትሄድ ፈልገዋል፦ ከጉድስፕሪንግስ ወደ ደቡብ ፕሪም፣ ሞሃቪ አውትፖስት፣ በኒፕተን አድርገህ ኖቫክ፣ ከዚያ ወደ ላይ ቦልደር ሲቲን አልፈህ ቬጋስ። በዚህ መንገድ ከሄድክ ቬጋስ ስትደርስ ኤንሲአር ምን ዓይነት መንግሥት እንደሆነ፣ ተቀናቃኙ የሊጅን ጦር ሰው እንዴት እንደሚቀጣ በዓይንህ አይተሃል፤ ስለዚህ ከማን ጋር ልሰለፍ ለሚለው ጥያቄ የራስህ መልስ ይኖርሃል። ኒፕተንን የሚያክል የታሪክ መግቢያ በዚህ ዓይነት ጌም ውስጥ ብዙ አላየሁም። አውሬዎቹን የሚያነሱ ሞዶች አሉ፤ መጀመሪያ ስትጫወት ባትጭናቸው ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ሠላሳ ሞድ ጭኜ በየአሥር ደቂቃው ይዘጋብኛል። ጥፋተኛው የትኛው ነው?

ሞዶቹን ከመክሰስህ በፊት ጌሙን እንየው። ኒው ቬጋስ 32 ቢት ፕሮግራም ነው፤ ማሽንህ 16 ጊጋ ራም ቢኖረውም በራሱ ከ2 ጊጋ በላይ አይነካም። ከባድ ቴክስቸር (የዕቃዎቹን ገጽ የሚያለብስ ሥዕል) ስትጭንበት ያቺ ትሞላና ይዘጋል። 4 ጊጋ ፓቸር የምትባለው ትንሽ ፕሮግራም ጣሪያውን እጥፍ ታደርገዋለች፤ አንዴ ከፍተህ መዝጋት ብቻ ነው ሥራህ። ቀጥሎ ኤክስኤንቪኤስኢን ጫን፤ ጌሙ በራሱ የማያውቃቸውን ትእዛዞች ለሞዶች የሚጨምር ነው። መቆራረጡን የሚያስተካክለውን ኤንቪቲኤፍንም እንዲሁ። ቪቫ ኒው ቬጋስ የሚባለው መመሪያ ይህን ሁሉ ደረጃ በደረጃ ያሳይሃል። ጌሙ ገና ሲነሳ የሚዘጋ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ሞድ የሚደገፍበት ሌላ ፋይል ጎድሎ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ከቀጠለ ግማሾቹን ሞዶች አጥፋና በአዲስ ጌም ሞክር፤ ከዚያ የግማሹን ግማሽ። ሠላሳውን አንድ በአንድ ከመፈተሽ በአምስት ሙከራ ትጨርሳለህ። በጀመርከው ሴቭ (ጨዋታህን ባስቀመጥክበት ፋይል) ላይ ሞድ መንቀል ግን ነውር ነው፤ የሞዱ ስክሪፕት (የትእዛዝ ጽሑፉ) ሴቩ ውስጥ ቅሪቱን ይተዋል።

አሁን ደግሞ ጌሙን የማይዘጋ፣ ግን ብዙ ሰው «ሞዱ አልሠራም» ብሎ የሚያማርርበት ነገር። ጌሙ የሁለት ሞዶችን ለውጥ አይደምርም። የሞዶችን ውስጥ የሚያሳየውን ኤፍኤንቪኤዲትን ክፈትና ቫርሚንት ራይፍል የተባለውን ጠመንጃ ፈልግ። በስተግራ የዋናው ጌም ዓምድ አለ፣ ከጎኑ ጉዳቱን ከፍ ያደረገው ሞድ፣ በስተቀኝ መጨረሻ ድምፁን ብቻ የቀየረው ሞድ። የመጨረሻው ጉዳቱን ልንካ አላለም፤ ነገር ግን የጠመንጃውን መዝገብ በሙሉ ስለገለበጠ የድሮውን የጉዳት ቁጥርም ይዞ መጥቷል። የሚያሸንፈው ደግሞ ሁልጊዜ ቀኝ ዳር ያለው ነው። ስለዚህ ድምፁ አዲስ፣ ጉዳቱ አሮጌ። መፍትሔው መዝገቡን ወደ አዲስ ባዶ ፋይል መገልበጥ፣ የጉዳቱን ቁጥር ከመሃል ዓምድ በማውስ ጎትቶ አዲሱ ላይ መጣልና ያንን ፋይል ከሁሉ በኋላ እንዲጫን ማድረግ ነው። ይህን ስትለምድ የሌላ ሰው የሞድ ዝርዝር መኮረጅ ታቆማለህ። እኔ የሞድን ብዛት እንደ ጀብዱ የሚቆጥር ሰው አይገባኝም፤ ውስጡን ከፍተህ ያላየኸውን ሞድ ባትጭን ይሻላል።

ጥያቄ፦ ጌሙን ከሱቅ በፍላሽ ነው ያስጫንኩት። ኤክስኤንቪኤስኢ እምቢ አለኝ።

ኤክስኤንቪኤስኢ 1.4.0.525 የተባለውን የመጨረሻውን እትም ነው የሚፈልገው። ከሱቅ የሚገለበጠው ብዙ ጊዜ ዋናው ፋይሉ የተነካካ ወይም የቆየ ስለሆነ አይገናኙም። እዚያ ላይ ሰዓትህን አታቃጥል፤ ሞድ ሠሪዎቹም ለተሰረቀ ቅጂ አይረዱም። ከዚህ አገር ካርድ መክፈል አስቸጋሪ መሆኑን አውቃለሁ። ውጭ ዘመድ ካለህ ጎግ ከሚባለው የጌም መሸጫ ድረ ገጽ እንዲገዛልህ ጠይቅ፤ የጎግ መጫኛ ያለ ኢንተርኔትም ስለሚሠራ አንዴ ወርዶ በሃርድ ዲስክ ሊመጣልህ ይችላል።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ ሴቩ ተበላሸብኝ። ምን ላድርግ?

አውቶሴቭና ኩዊክሴቭ የቀደመውን ፋይል እየደመሰሱ ነው የሚጽፉት። ሁለቱንም ተዋቸውና ከሜኑ ገብተህ ሁልጊዜ አዲስ ሴቭ ፍጠር። መብራት ሲጠፋ እየተጻፈ የነበረው ብቻ ይሄዳል፣ ያለፈው ይተርፋል።

ጥያቄ፦ ልጄ 13 ዓመቱ ነው፤ ኒው ቬጋስን ግዢልኝ እያለ ያስቸግረኛል። እንዴት ያለ ነገር ነው?

እህቴ፣ ስለጠየቁ አመሰግናለሁ። በአሜሪካ ከ17፣ በአውሮፓ ከ18 ዓመት በላይ ተብሎ ነው የተፈረጀው፤ ፍረጃው ደግሞ ለይስሙላ አይደለም። ጭንቅላት ሲፈርስ ይታያል፣ አደንዛዥ ዕፅ አለ፣ ባርነትና ስቅላት አለ። እኔ ብሆን ጥቂት ዓመት አቆየዋለሁ። ጠፈርና ምርምር የሚወድ ከሆነ አውተር ዋይልድስን ይዩለት፤ ተኩስ የለበትም፣ አንድን ትንሽ ሥርዓተ ፀሐይ በመርከብ እየዞሩ እንቆቅልሽ መፍታት ነው። ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሆነና ንባብ ስለሚበዛው ለትምህርቱም ሳይጠቅመው አይቀርም። ከመግዛትዎ በፊት ግን ኮምፒውተሩ የሚችለው መሆኑን ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር ኒው ቬጋስን ወደ አማርኛ ልንተረጉም አስበናል። ይቻላል?

ሐሳቡ ድንቅ ነው፤ ጌሙን ግን ቀይሩ። ኒው ቬጋስ እያንዳንዱን ፊደል በአንድ ባይት ነው የሚያስቀምጠው። በአንድ ባይት የሚወከለው 256 ምልክት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 32 ለመቆጣጠሪያ ኮድ የተያዙ በመሆናቸው 224 ይቀራል። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231። ገና ሏን፣ ቋን፣ ጓን፣ አራት ነጥብን አልጨመርንም፤ የላቲን ፊደል የሚባልማ ጨርሶ ቦታ የለውም። ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀን አውጥታችሁ በሞክሼዎቻቸው ብትተኩ 196 ይሆንና ይገባል። እኔ ግን ፀሐይን «ጸሀይ» ብሎ ለመጻፍ እጄ አይታዘዝልኝም። በዚያ ላይ ላቲኑ ሲጠፋ ያልተረጎማችሁት ሁሉ ስክሪኑ ላይ የማይነበብ የፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል።

ፎልአውት 4 ግን ጽሑፉን የሁሉንም ቋንቋ ፊደል በሚይዘው ዩቲኤፍ-8 ነው የሚያነበው፤ በቻይንኛና በጃፓንኛም ወጥቷል። ንግግሩና የዕቃ ስሙ ከጌሙ በተለዩ የስትሪንግ ፋይሎች ስለተቀመጡ ኤክስትራንስሌተር በሚባለው መሣሪያ ከፍታችሁ መተርጎም ትችላላችሁ። ፎንቱ ኤስደብሊውኤፍ ፋይል ውስጥ ነው ያለው፤ የግዕዝ ፊደል ያለበት ኤስደብሊውኤፍ አዘጋጅታችሁ በፎንትኮንፊግ ፋይሉ ላይ ስሙን ታስገባላችሁ። የእኛ ፊደል እንደ ዐረብኛ ከጎረቤቱ ጋር ስለማይያያዝና ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ በዚህ በኩል ዕድለኞች ነን። ከሜኑና ከዕቃ ስሞች ጀምሩ። የጌሙ ሠሪ ቤተስዳ ራሱ እንዳስታወቀው ጌሙ 111,000 መስመር ንግግር አለው፤ ከመጀመሪያው ቀን ንግግሩ ውስጥ ከገባችሁ ጓደኝነታችሁ አይተርፍም።

ጥያቄ፦ ፎልአውት ለንደን የሚባለው የፎልአውት 4 ሞድ ከስቲም መደብር በገዛሁት ቅጂ ላይ አልነሳም አለ።

የእትም ጉዳይ ነው። ሞዱ በኤፕሪል 2024 ሊወጣ ታቅዶ ሳለ ቤተስዳ በዚያው ወር ፎልአውት 4ን አዘመነውና መሠረቱ ተናጋ፤ በጁላይ 25 ቀን ወጣ፣ የሚሠራውም በድሮው 1.10.163 ላይ ነው። ጌሙን ወደዚያ እትም መልሰው፣ ማስፋፊያዎቹም ይኑሩህ፤ ከዚያም የራስ-ሰር ማዘመኛውን ዝጋው።

ጥያቄ፦ በብሌንደር (የ3ዲ ሞዴል መሥሪያ ፕሮግራም) ጀበና ሠርቻለሁ። ኒው ቬጋስ ውስጥ ጉድስፕሪንግስ ሳሎን (መጠጥ ቤቱ) ባንኮኒው ላይ እንዴት ላስቀምጠው?

ከዛሬ ጥያቄዎች ሁሉ ይሄን ወደድኩት። ሞዴልህን በኒፍቱልስ ማከያ ጌሙ ወደሚያነበው ኒፍ ፋይል አውጣው፤ ቴክስቸሩ ዲዲኤስ ይሁን፣ ጎኑም 512 ወይም 1024 ፒክስል። ለባንኮኒ ዕቃ ጥቂት ሺህ ትሪያንግል ይበቃል። ኮሊዥን (ጌሙ ዕቃውን እንደሚነካ ነገር የሚያይበት የማይታይ ቅርጽ) መጨመር እንዳትረሳ፤ ያለ እሱ ዕቃው ይታያል እንጂ በእጅ አይነሳም። የአፉንና የእጀታውን ቅርጽ ለኮሊዥኑ አትቅረጽ፣ ሆዱን የሚሸፍን ቀላል ቅርጽ በቂ ነው።

ከዚያ የጌሙን ማረሚያ፣ ጌክን ክፈት። ከነባር ዕቃዎች ውስጥ የቡና ማፍያውን ፈልገህ ክፈትና መለያ ስሙን በራስህ ቅጥያ ቀይረው፣ ሞዴሉንም በጀበናህ ተካ። እሺ ስትል አዲስ ፎርም (የዕቃ መዝገብ) ልፍጠር ወይ ብሎ ይጠይቅሃል፤ አዎ በል። አይ ካልክ ዋናውን ዕቃ ስለቀየርከው በሞሃቪ ያለ የቡና ማፍያ ሁሉ ጀበና ሆኖ ቁጭ ይላል (እውነቱን ለመናገር እሱም ባይከፋ)። ጀበናውን ወደ ሳሎኑ ጎትተህ ከባንኮኒው ከፍ አድርገህ ያዘውና ኤፍን ስትጫን ወርዶ ይቀመጣል።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተር የለኝም፣ ስልክ ብቻ።

የ1997ቱ ፎልአውትና የ1998ቱ ፎልአውት 2 ኮሚኒቲ ኤዲሽን በሚባለው ክፍት ሞተር በአንድሮይድ ይሠራሉ። ከገዛኸው ጌም ውስጥ ማስተርና ክሪተር የተባሉትን የዳት ፋይሎች፣ ከዳታ ፎልደሩ ጋር ወደ ስልክህ መገልበጥ አለብህ። የመጀመሪያው ላይ የውኃ ቺፑን ለማምጣት 150 ቀን ብቻ ስላለህ ዝም ብለህ አትዙር።

ጥያቄ፦ ስቶከር የሚባለውን ጌም ለመሞከር የግድ መግዛት አለብኝ?

የኪየቩ ስቱዲዮ ጂኤስሲ በ2007 ያወጣውን የመጀመሪያውን ከፈለግክ፣ አዎ። አኖማሊ የሚባለው ሞድ ግን በነፃ የሚወርድ ራሱን የቻለ ጌም ነው፤ ዋናውን አይጠይቅም፣ 64 ቢት ስለሆነም የኒው ቬጋስ የራም ጣጣ የለበትም። የታሪክ ምርጫና ረጅም ንግግር እንደ ፎልአውት አትጠብቅ። የቼርኖቤልን ዞን፣ ረሃብን፣ ጨረርንና የጥይት እጥረትን ነው የሚሰጥህ። ጋማ የሚባለውን ግዙፍ የአኖማሊ ሞድ ስብስብ አሁን አታውርድ፤ መጀመሪያ ባዶውን አኖማሊ ጥቂት ሌሊት ተጫወትበት።