ዓሣ ሳይዙ ዓሣ ማጥናት እንጀራ ይሆናል?

ከሰሞኑ ደብዳቤዎች አንዱን ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊዋ እዚሁ ጎንደር ባዮሎጂ ትማራለች። መስከረም ላይ የመጨረሻ ዓመቷን ትጀምራለች። ያደገችው ጎርጎራ ነው፤ አጎቷ ጣና ላይ መረብ ይጥላል። እንዲህ ትላለች፦

«ከወንዝ አንድ ሊትር ውሃ ቀድቶ ወንዙ ውስጥ ምን ዓሣ እንዳለ ማወቅ እንደሚቻል ካነበብኩ ወዲህ ሌላ ነገር አይታየኝም። የመመረቂያ ጥናቴን በዚህ ልሠራ ነው። ቤተሰቦቼ ግን ‹ውሃ ቀድተሽ ማን ሊቀጥርሽ?› ይሉኛል። ጓደኞቼም ‹ወደ ሕክምና ላብራቶሪ ብትዞሪ ይሻልሻል› እያሉ ነው። አንተስ ምን ትለኛለህ?»

እህቴ፣ ሥሪው እልሻለሁ። ግን «የኢ ዲ ኤን ኤ (ከውሃና ከመሳሰለው አካባቢ የሚገኝ ዲ ኤን ኤ) ባለሙያ» ተብዬ እቀጠራለሁ ብለሽ አትነሺ። በዚህ ስም የወጣ የሥራ ማስታወቂያ አይቼ አላውቅም። እንጀራ የሚሆንሽ ጥናቱን ስትሠሪ እጅሽ ላይ የሚቀረው ሙያ ነው። እሱን ሙያ ደግሞ ሰው ይፈልገዋል።

ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ዓሣ ውሃ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ከሰውነቱ የሚረግፍ ነገር አለ፤ የቆዳው ልጋግ፣ ቅርፊቱ፣ ከሆዱ የሚወጣው ሁሉ። እዚያ ውስጥ ዲ ኤን ኤ አለ። ውሃው ተቀድቶ በጣም ቀጭን ቀዳዳ ባለው ማጣሪያ ያልፋል። ማጣሪያው ላይ ከቀረው ዲ ኤን ኤው ይወጣና በፒ ሲ አር ይባዛል። ፒ ሲ አርን በኮሮና ጊዜ ያልሰማ የለም። ከዚያ ፊደሉ ተነቦ ቀድሞ ከተመዘገቡ ዝርያዎች ጋር ይመሳከራል። በ2008 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ከኩሬ ውሃ ብቻ አንድ የእንቁራሪት ዝርያ መኖሩን ማወቅ እንደሚቻል ታየ። በ2015 ደግሞ ጃፓኖች ለዓሣ ብቻ የሚሆን ፕራይመር፣ ማለትም ፒ ሲ አሩ የትኛውን የዲ ኤን ኤ ክፍል እንደሚያባዛ የሚወስን አጭር ቁራጭ፣ ሠሩ፤ ሚፊሽ ይባላል። ዛሬ ብዙ አገር የሚጠቀምበት እሱን ነው።

አሁን ወደ አንቺ ወንዝ ልምጣ። እዚህ ጋ ብዙ ተማሪ ሳያስተውለው የሚያልፈው ነገር አለ።

ጣና ውስጥ ነጭ ዓሣ የምንለው፣ በሳይንስ ስሙ ላቤኦባርበስ፣ 15 ያህል ዝርያዎች አሉት። አብዛኞቹ ከጣና በቀር የትም አይገኙም። አንዱ እንዲያውም በአንቺው አገር ስም ተጠርቷል፤ ላቤኦባርበስ ጎርጎሬንሲስ ይባላል። አንዱ ከንፈሩ ወፍራም ነው፤ ሌላው ዓይኑ ትልቅ፤ ሌላው አፉ ሹል። በዓይን ሲታዩ ይለያያሉ። ሚፊሽ የሚያነበው የሚቶኮንድሪያ (የሴል ኃይል ማመንጫ ክፍል) ዲ ኤን ኤአቸው ግን ገና ብዙ አልተራራቀም፤ ዘመድነታቸው ቅርብ ነው። ሚፊሽ ደግሞ የሚያነበው 170 ያህል ፊደል ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ጣና የሚገባው የመገጭ ወንዝ ውሃ «ነጭ ዓሣ እዚህ አለ» ይልሽ ይሆናል፤ ከ15ቱ የትኛው እንደሆነ ግን አይነግርሽም። ቆሮሶንና አምባዛን ያለ ችግር ትለያለሽ። ነጭ ዓሣውን ለመለየት አጎትሽ ያስፈልግሻል።

ይህን የምልሽ ተስፋ ላስቆርጥሽ አይደለም። ፒፔት የሚይዝ ልጅ ዛሬ ብዙ አለ። ዓሣ በእጁ ይዞ አፉን ገልጦ ዝርያውን የሚናገር ግን ጥቂት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ሰው የሚቀጥረው አያጣም ብዬ አምናለሁ። አንቺ ከሌላው ተማሪ የምትቀድሚው እዚህ ላይ ነው። ላብ ስለገባሽ ጎርጎራን እንዳትረሺው።

ቀጥሎ ናሙና አወሳሰድ። በአዘዞ በኩል ወዳለው የመገጭ ድልድይ ወርደሻል እንበል። ጓንት አጥልቀሻል። ፊትሽን ውሃው ወደሚመጣበት አዙረሽ ትቆሚያለሽ፤ የረገጥሽው ጭቃ ወደ ኋላሽ እንዲሄድ። ጠርሙሱን ታጠልቂያለሽ። ወሩ ነሐሴ ከሆነ ውሃው ደፍርሷል፤ ገና ሩብ ሊትር ሳያልፍ ማጣሪያው ሽሮ የተቀባ ይመስላል፤ ከዚያ ይደፈናል። ተማሪ በዚህ ጊዜ ይበሳጫል፤ በጉልበት ይገፋዋል፤ ማጣሪያው ይቀደዳል። አትግፊው። ሌላ ማጣሪያ ቀይሪ፤ ስንት ሚሊ ሊትር እንዳለፈ እዚያው ጻፊ። ማጣሪያውን ንጹሕ አልኮል ባለበት ቱቦ ውስጥ ክተቺው፤ ፍሪዘር እስክትደርሺ ያቆይልሻል።

ሌላ አንድ ጠርሙስም ይዘሽ ትሄጃለሽ። ውስጡ ወንዝ ያላየ ንጹሕ ውሃ ነው። እሱንም ወንዙ ዳር ከፍተሽ እንደሌላው ታጣሪዋለሽ። ብላንክ ይባላል። እሱ ላይ ዓሣ ከታየ ዓሣው የመጣው ከእጅሽ ነው ማለት ነው። እኔ ላብ ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት ብላንክ ረስተን የወራት ሥራ ጥለናል። ያኔ የተሰማኝ ዛሬም አይረሳኝም። ናሙና በምትወስጂበት ቀን ምሳሽ ዓሣ አይሁን።

የዓሣ ነገር ከተነሳ ጎንደር የራሷ ጣጣ አላት። ጾም ሲገባ ምግብ ቤቱ ሁሉ ዓሣ ይሠራል። የታጠበበት ውሃ በየቦዩ አድርጎ ቀሃና ሽንታ ይገባል፤ እነሱ ደግሞ ወደ መገጭ። ቆሮሶ በድልድዩ ሥር አግኝተሽ ልትደሰቺ ትችያለሽ፤ ዓሣው የወጣው ግን ከጉላሽ ድስት ይሆናል። ስለዚህ የከተማው ወንዞች ከሚቀላቀሉበት በላይም በታችም ውሰጂ። ይህን አስበሽ ጥናትሽ ላይ ከጻፍሽ ፈታኞችሽ ቀና ብለው ነው የሚያዩሽ።

አንድ ነገር ደግሞ ዛሬውኑ አስቢበት፤ ጊዜው። ነጭ ዓሣ ለመራባት ወንዝ የሚወጣው ክረምት ላይ ነው፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት። በመገጭ፣ በርብ፣ በጉማራ። መረብ የወንዝ አፍ ላይ የሚዘረጋውም ያኔ ነው፤ ዓሣውም እንቁላሉን እንደያዘ ይታፈሳል። ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የነጭ ዓሣው መጠን በሦስት አራተኛ ያህል መውረዱ የተመዘገበው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። የመመረቂያ ጥናት ግን ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ኅዳር አካባቢ ነው። ያኔ ዓሣው ወደ ሐይቁ ተመልሷል፤ አንቺ ባዶ ወንዝ ትቀጂያለሽ። ስለዚህ አማካሪ መምህርሽን ከግቢ ሳይወጡ አሁን ሰኔ ላይ አናግሪያቸው። ማጣሪያና አልኮል ብቻ ይስጡሽ፤ ክረምቱን ናሙና ሰብስቢ፤ ላቡ በኋላ ይደርሳል። ከመውጣትሽ በፊት ግን መንገዱን ጠይቂ፤ ሰላም ያልሆነ ቀን ቅሪ።

ጥያቄሽንም አጥብቢው። «የጣና ገባር ወንዞች ዓሣዎች በሙሉ» ብለሽ ከጀመርሽ ለሲኩዌንሲንግ (የዲ ኤን ኤውን ፊደል ለማስነበብ) የሚሆን ገንዘብ ስትለምኚ ዓመቱ ያልቅብሻል። አንድ ወንዝ፣ አንድ ዓሣ፣ ተራ ፒ ሲ አር። አምባዛ ለምሳሌ ይበቃል። ውጤቱ ግን ዓሣዎቹ ስንት እንደሆኑ፣ ምን ያህል እንደሚመዝኑ፣ በሕይወት እንዳሉ አይነግርሽም፤ እንደሚነግርሽ አድርገሽም አትጻፊ። ባይገኝም «የለም» አትበይ፤ «አላገኘሁም» በይ።

ሥራውን በተመለከተ፣ የሕክምና ላብራቶሪ ያሉሽ ጓደኞችሽ ክፉ አልመከሩሽም። ዲ ኤን ኤ ማውጣትና ፒ ሲ አር እዚያም እዚህም አንድ ናቸው። የፈቃዱ ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ ለሕክምና ላብ የራሱ ትምህርት ይጠየቃል። ለአንቺ የሚቀርቡት ባሕር ዳር ያለው የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል፣ ሰበታ ያለው ብሔራዊው፣ የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትና ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። ግድብ ሲሠራ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት የሚሠሩ አማካሪ ድርጅቶችም የዓሣ ሰው ይፈልጋሉ። ቦታው ግን ጥቂት መሆኑን ልደብቅሽ አልችልም። ስለዚህ አንድ ነገር ጨምሪ፤ ባዮኢንፎርማቲክስ፣ ማለትም የዲ ኤን ኤ መረጃን በኮምፒውተር መተንተን። ለዚህ የሚያገለግሉት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች፣ ሊኑክስና አር (R)፣ በነጻ ይገኛሉ። ሌሎች ተመራማሪዎች የለቀቁት የኢ ዲ ኤን ኤ መረጃም ኢንተርኔት ላይ በነጻ አለ። ኔትዎርክ ባለበት ቀን አውርጂና መብራት ባለበት ሰዓት ተለማመጂበት። ሲቪሽ ላይ «ኢ ዲ ኤን ኤ እወዳለሁ» ከምትጽፊ «ይህን ያህል ናሙና አጣርቼ፣ ይህን ያህል ብላንክ አካትቼ፣ መረጃውን ራሴ ተንትኛለሁ» ብትጽፊ ለስኮላርሺፕም ለሥራም ያዋጣል።

የውጭ ፕሮፌሰር «ናሙናውን ላኪልኝ» ካለሽ ደስ ብሎሽ አትላኪ። በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የአገር የዘር ሀብት ያለ ፈቃድ አይወጣም። መጀመሪያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ጠይቂ። ማጣሪያ ወረቀት ላይ ያለ ዲ ኤን ኤም ዲ ኤን ኤ ነው።

አሁን ለአጎትሽ ደውዪለት። እንቁላል የያዘች ዓሣ ዓምና መጀመሪያ ያየው መቼ እንደሆነ፣ በየትኛው ወንዝ አፍ እንደሆነ ጠይቂው። ያለሽን በቃሉ ጻፊና ለአማካሪሽ ይዘሽላቸው ግቢ። ምን እንዳሉሽ መልሰሽ ጻፊልኝ፤ የጥናት እቅዱን ረቂቅ አብሬሽ አየዋለሁ።